ከፖስታው በፊት ያለው ወረቀት

በሽልማት ምሽት ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው ፖስታው ላይ ነው። ፖስታው ይቀደዳል፣ ስም ይጠራል፣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። እዚህ ሀዋሳ በየስቱዲዮው ተቀምጠን ለፊልምና ለድራማ ሙዚቃ የምንሠራ ሰዎች ግን ሌላ ነገር እናውቃለን። በማጀቢያ ሙዚቃ ዘርፍ የማን ስም እንደሚጠራ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ነው፤ ካሜራ በሌለበት፣ ፊልሙ ለውድድር ሲመዘገብ በሚሞላ አንድ ቅጽ ላይ። ቅጹ ላይ "ሙዚቃ" ይላል፤ ከጎኑ ባዶ መስመር አለ። ወሳኙ ነገር እዚያ መስመር ላይ የማን ስም ሰፈረ የሚለው ነው።

ስለ ጉቦና ስለ ዝምድና ላወራ እንዳልተነሳሁ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የማነሳው ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በልማድ ብቻ የሚሆነውን ነው። ሙዚቃውን የሠራው አንድ ሰው፣ ስሙ የሚጠራው ሌላ ሰው የሚሆንበት መንገድ አለ። በዚህ መንገድ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፤ በዓለም ትልቁ የፊልም ሽልማትም ሄዶበታል። እነሱ ከዚያ እንዴት እንደወጡ ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም በስቱዲዮ ውስጥ፣ በር ዘግተን የምናወራውን ዛሬ ላወራችሁ ነው።

መጨረሻ የሚደርሰው ሥራ

መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ፊልም እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቀረጻው አልቋል፣ ኤዲቲንጉ አልቋል፣ ገንዘቡም አልቋል፤ ፖስተሩ ተለጥፎ የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል። ዳይሬክተሩ ሀርድ ዲስኩን ይዞ በባጃጅ ከተፍ ይላል። ፊልሙን ስንከፍተው ደግሞ ሙዚቃ አለበት። ኤዲተሩ ትዕይንቶቹን ሲቆርጥ ምት እንዲሰጠው ብሎ ከውጭ ፊልም ያነሳው ሙዚቃ ከሥሩ ተኝቷል። ዳይሬክተሩ ለወራት ፊልሙን ደጋግሞ ሲያይ የሰማው እሱን ስለሆነ ጆሮው ለምዶታል፤ ወዶታልም። ስለዚህ ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀን አዲስ ሙዚቃ እንድንደርስ ሳይሆን የወደደውን እንድናስመስልለት ነው።

አንዱን ሥራ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ትዕይንቱ የተቀረጸው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው። ጎህ ሲቀድ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ወደ ዳር ያስጠጋል። ሌሊቱን የጣለው መረብ ባዶውን ወጥቷል። ትንሹ ልጁ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከሥሩ የተኛው ሙዚቃ ከአንድ ትልቅ የሆሊውድ ፊልም የተወሰደ ነው፤ ቫዮሊኖቹ ተደራርበው ይወጣሉ፣ ከበሮው ያስተጋባል።

"ጋሼ፣ ልክ ይሄን የሚመስል ይሥሩልኝ" አለኝ ዳይሬክተሩ።

"እሱማ የሌላ ሰው ሥራ ነው። እስቲ ሙዚቃውን ብቻ አጥፋውና ዝም ብለን እንየው" አልኩት።

አጠፋው። መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ መስማት ጀመርን፤ ከዳር የአባ ኮዳዎቹ ክንፍ ይሰማል። ደግመን ስናየው ሁለታችንም አንድ ነገር አስተዋልን። ሰውየው ጀልባዋን ካስጠጋ በኋላ ወደ ልጁ ቀና ለማለት ይዘገያል። ገመዱን ያለ ምክንያት ይነካካል፣ መረቡን ያስተካክላል፣ ከዚያ ነው ቀና የሚለው። የትዕይንቱ ነፍስ ያለው እዚያች መዘግየት ውስጥ ነበር፤ የቫዮሊኑ ብዛት ሸፍኗት ኖሯል። ስለዚህ መዘግየቱ እስኪያበቃ ድረስ ምንም ሙዚቃ እንዳይኖር ተስማማን። ቀና ሲል አንድ የክራር ክር፣ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ከሩቅ የወንዶች ድምፅ፣ በቄጣላ አካሄድ፣ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ።

ቄጣላን ሀዋሳ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ በተባለው ስፍራ ሕዝቡ ተሰልፎ የሚጨፍረው ነው፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ለዚያ ትዕይንት የበዓሉን ግለት አልፈለግነውም። የፈለግነው አውጪው ብቻውን ሲጀምርና ተቀባዮቹ ሲዘገዩበት በመሀል የሚፈጠረውን ክፍተት ነው፤ የአባትየውን መዘግየት የሚመስለው እሱ ነበርና። ድምፃቸውን የሰጡን የሰፈር አባቶች ናቸው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ የባጃጁ ጡሩንባ ጋብ እስኪል ጠብቀን፣ መሸት ሲል ቀረጽናቸው። ከአባቶቹ አንዱ አወጣጡን ሦስቴ ለዋወጠው፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው እሳቸው ራሳቸው "ይኼ ይሻላል" ያሉት ነው።

እስቲ አሁን ሙዚቃውን ማን ሠራው? አሳቡንና ቅንብሩን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ክራሩን የደረደረው አንድ የሀዋሳ ወጣት ነው። ዜማው ከሕዝብ የተወረሰ ነው፤ አወጣጡን ግን ለዚያ ትዕይንት ያበጁት እኚያ አባት ናቸው። ሚክሲንጉን ሌላ ባለሙያ ሠራው። ከወራት በኋላ የውድድር ምዝገባው ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ዳይሬክተሩ ደወለ። "ጋሼ፣ ቅጹ ላይ ሙዚቃ ለሚለው የሚይዘው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ማንን ልበል?" የሁላችንንም ስም ዘርዝሬ ነገርኩት። በመጨረሻ የተጻፈው ግን የመዝጊያውን ዘፈን የዘፈነው ድምፃዊ ስም ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ሊጎዳን ብሎ አላደረገውም። ቅጹን ሲሞላ ፊቱ ላይ የነበረው ፖስተሩ ነው፤ ፖስተሩ ላይ የነበረውም ያ ስም ብቻ ነው።

ኦስካርም እንዲህ ነበር የጀመረው

ኦስካር መሰጠት የጀመረው በ1929 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለሙዚቃ ዘርፍ የከፈተው ግን በ1934 ለወጡ ፊልሞች ነው። የመጀመሪያውን የስኮር፣ ማለትም የማጀቢያ ሙዚቃ፣ ሽልማት ያገኘው ፊልም ዋን ናይት ኦቭ ላቭ ይባላል። የዜማውን አሳብ ያመነጩት ቪክተር ሸርትዚንገርና ጋስ ካን ናቸው። ሽልማቱ የተሰጠው ግን ለኮሎምቢያ ስቱዲዮ የሙዚቃ ክፍል ነው፤ በክፍሉ ስም የቆመውም ኃላፊው ሉዊስ ሲልቨርስ ነበር። ደንቡ ራሱ የሚሸለመው ክፍሉ ነው ይል ነበር። በዚያ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ማለት በስቱዲዮው ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው፤ አንድን ፊልም ብዙ ሰው ይከፋፈለዋል፤ የሠሩት ሁሉ የስቱዲዮው ንብረት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ዚ ኢንፎርመር ሲያሸንፍ ጉዳዩ ብዙም አልታየም፤ ማክስ ስታይነር የአርኬኦ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊም ሙዚቃውን የደረሰውም ራሱ ነበርና። በ1936 ግን ገሃድ ወጣ። አንቶኒ አድቨርስ የተባለውን ፊልም ሙዚቃ የደረሰው ከቪየና የመጣው ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ነው። ሽልማቱ የገባው የዋርነር ብራዘርስ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ በሆነው በሊዮ ፎርብስቲን እጅ ነው። የ1937ቱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ዋን ሀንድረድ ሜን ኤንድ ኤ ገርል የስኮር ኦስካር ሲወስድ በፊልሙ ላይ የሙዚቃ ደራሲ ተብሎ የተጻፈ ስም ጭራሽ አልነበረም። ሐውልቱን የዩኒቨርሳል የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ቻርልስ ፕሬቪን ተረከበ። ደራሲ ያልተጻፈለት ሙዚቃ የዓመቱ ምርጥ ተባለ ማለት ነው።

በ1938 ደንቡ ተለወጠና ሽልማቱ ለደረሰው ሰው እንዲሰጥ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ኮርንጎልድ በዚ አድቬንቸርስ ኦቭ ሮቢን ሁድ በገዛ ስሙ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፣ ችሎታውም ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ደንብ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለወጣቶች ደጋግሜ የምነግረው ለዚህ ነው። የችሎታ ጉድለት ነው ብለው ተስፋ የሚቆርጡበት ነገር አንዳንዴ የምዝገባ ጉድለት ነው።

ደንቡ ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን የስቱዲዮዎቹ እጅ ቶሎ አልተነሳም። ለተወሰኑ ዓመታት እያንዳንዱ ስቱዲዮ አንድ ፊልም እስካቀረበ ድረስ እጩ መሆኑ የተረጋገጠ ነበር። ከዚህ የተነሳ በ1945 በድራማና ኮሜዲ ስኮር ዘርፍ ብቻ 21 እጩዎች ቀረቡ። ሚክሎሽ ሮዛ በስፔልባውንድ ያሸነፈው ያን ሁሉ ሰው አልፎ ነው።

ስም ሳይጣራ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። ቻርሊ ቻፕሊን ላይምላይት የተባለውን ፊልም የሠራው በ1952 ነው። ፊልሙ በሎስ አንጀለስ ሲኒማ ቤት ሳይታይ ሃያ ዓመት ቆየና በ1972 ታየ፤ በዚህም ምክንያት በ1973ቱ ሥነ ሥርዓት የስኮር ኦስካር አገኘ። ከቻፕሊን ጋር የተመዘገቡት ሬይመንድ ራሽና ላሪ ራስል ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ላሪ ራስል በተባለው ፈንታ መጻፍ የነበረበት ራስል ጋርሲያ የሚባል ሌላ አቀናባሪ ነው የሚል ጥያቄ ከጃዝ ጸሐፊዎች ተነሳ። ሥራው ሲሠራ በደንብ ያልተጻፈ ስም ከሃያ ዓመት በኋላ ሐውልት ሲመጣለት ማን እንደሚወስደው ማጣራት እንዲህ ይከብዳል። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት ለዚህ ነው።

አዲስ የሚባለው የትኛው ነው?

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ሙዚቃው ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የመጣ የሚለው ነው። በ1973 ዘ ጎድፋዘር ለስኮር ታጭቶ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ ኒኖ ሮታ ከዋና ዜማዎቹ አንዱን ቀደም ሲል በ1958 ለወጣው ፎርቹኔላ ተጠቅሞበት እንደነበር ሲታወቅ እጩነቱ ተሰረዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍል ሁለቱ ቀረበ፤ ሮታ ከካርሚን ኮፖላ ጋር አሸነፈ። ኤንዮ ሞሪኮኔ በ1986ቱ ዘ ሚሽን ሲታጭ ያሸነፈው የሄርቢ ሀንኮክ ራውንድ ሚድናይት ነበር። በውስጡ ቀድሞ የነበሩ የጃዝ ሥራዎች ስለነበሩ ሞሪኮኔ ቅሬታውን ለዓመታት በይፋ ተናግሯል። በ2007 የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ በውድድር ያሸነፈው በ2016፣ በ87 ዓመቱ ነው።

በቅርቡም ቢሆን የጆኒ ግሪንዉድ ዜር ዊል ቢ ብለድ፣ የአንቶኒዮ ሳንቼዝ በርድማንና የዮሃን ዮሃንሰን አራይቫል በስኮር እንዳይወዳደሩ የተደረጉት ፊልሞቹ ውስጥ ነባር ሙዚቃ በዛ ወይም ጎልቶ ተሰማ ተብሎ ነው። ኦስካር በ2020 ከስኮሩ ቢያንስ 60 በመቶው አዲስ ይሁን ብሎ ደነገገ፤ በዓመቱ ወደ 35 በመቶ ዝቅ አደረገው። ለተከታታይ ፊልሞች 80 በመቶው አዲስ መሆን አለበት። ቁጥሩ ያከራክር እንጂ አንድ ነገር የግድ ነው፤ መቶኛ ለማስላት የእያንዳንዱ ሙዚቃ ርዝመትና ምንጭ የተጻፈበት ዝርዝር መኖር አለበት። ኦስካር ለስኮር ከሚወዳደር ፊልም ይህን ዝርዝር ይጠይቃል።

ሙዚቃው ለፊልሙ የተደረሰ ይሁን የሚለው ደንብ የእኛንም ሰዎች ታሪክ ነክቷል። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ብሮክን ፍላወርስን ሲሠራ ፊልሙን ያቆመው በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ላይ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው ጎረቤት ዊንስተን ለዋናው ገጸ ባሕርይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያለበት ሲዲ ይሰጠዋል፤ መኪናው መንገድ በወጣ ቁጥር የምንሰማው የሙላቱን ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ፣ ሙላቱን በመላው ዓለም አዲስ ትውልድ ሰማው። ሙዚቃው ግን ከአሠርት ዓመታት በፊት የተቀዳ በመሆኑ በስኮር ዘርፍ የሚገባበት በር አልነበረም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንደዚሁ ናቸው። በ2020 የወጣውና ለኦስካር የታጨው ታይም የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ከዳር እስከ ዳር የተሸከመው የፒያኖ ድምፅ የእሳቸው ነው። ገዳማዊቷ እናት ያን ሲደርሱ ፊልም ጨርሶ አላሰቡም። ሁለቱም ፊልሞች ላይ ስማቸው በግልጽ ተጽፏል፤ ዓለም ፈልጎ ያገኛቸውም ስለተጻፈ ነው።

ጤዛ የከፈተችው በር

ለፊልም ተብሎ በተደረሰ ሙዚቃ ኢትዮጵያዊ ስም የተጠራበትን መድረክ ስፈልግ ቀድማ የምትመጣልኝ የኃይሌ ገሪማ ጤዛ ናት። ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በ2009 በዋጋዱጉ በሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። ሙዚቃውን የሠሩት ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጃይ አይየር ናቸው። በ2008 በቱኒዚያ በካርቴጅ የፊልም ፌስቲቫል ጤዛ ትልቁን የወርቅ ታኒት ስትወስድ በሙዚቃውም ተሸልማለች፤ በዚያው ዓመት የዱባይ ፌስቲቫልም ሙዚቃውን ሸልሟል። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ይህን ሽልማት የምናከብርበት ምክንያት አለን። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በአገሩ መንደርና በስደት ትዝታው መካከል ሲዋልል ሙዚቃው ሁለቱን ያገናኛል እንጂ ስሜት አይጭንበትም። ይህን ለይቶ የሰማ ዳኛ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ በዓለም መድረክ የታዩት ፊልሞቻችን ብዙዎቹ ሙዚቃቸውን ያሠሩት በውጭ ሰው ነው። በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ድፍረት ሙዚቃው የዴቪድ ሾመርና የዴቪድ ኤገር ነው። በ2015 በካን በይፋ ለመመረጥ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ ላምብ ደግሞ የፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ሻሶል ነው። ከጤዛ በፊትም ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴ የተሠራውን የ1999ኙን ኢንዱራንስ ያቀናበረው ጆን ፓወል ኋላ ለኦስካር የታጨ ትልቅ ሰው ነው። ባለሙያዎቹን አከብራለሁ፤ ሥራቸውም ጥሩ ነው። ከገንዘብ ምንጩ ጋር የሚመጣ ምርጫ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ገንዘቡን የሰጠው አገር ባለሙያው ከአገሩ እንዲሆን ይፈልጋል። ሆኖም አንድ የውጭ ፕሮዲዩሰር ኢትዮጵያዊ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ፍለጋ ቢነሳ ስማችንን የት ያገኘዋል? ሥራችን አለ፣ የሠሩት ሰዎች ስም ግን ሥራው ላይ የለም።

የዳኞች ክፍል ውስጥ

በአገር ውስጥ ፊልምን በየዘርፉ ለይቶ በመሸለም ስሙ የገነነው ጉማ የፊልም ሽልማት ነው። ዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. ሲጀምረው ስሙን ያወጣለት በሚሼል ፓፓታኪስ ጉማ፣ ከአብዮቱ ዋዜማ በቀረው በዚያ ቀደምት የአገራችን ፊልም ነው። ጉማ በሙዚቃ ዘርፍም መሸለሙ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ፊልም ሠሪው ሙዚቃውን አስቀድሞ እንዲያስብበት አድርጓል። በሸገር ኤፍኤም የብርሃኑ ድጋፌ ለዛ ሽልማትም አድማጩ ራሱ እንዲመርጥ ዕድል ሰጥቷል።

በአንዳንድ ትንንሽ ውድድሮች ላይ ጆሮዬን አምነው ለዳኝነት ጠርተውኝ ያውቃሉ፤ ውስጡን ላንሾካሹክላችሁ። ፊልሞቹ በተከታታይ ይታያሉ፤ ከመሸ በኋላ ዳኛው ይደክመዋል። ውይይት ሲጀመር ሰው የሚያስታውሰው የተዘፈነውን ነው። "ያ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን የየትኛው ፊልም ነበር?" ይባላል፤ ዘፈን ግጥም አለው፣ ስሜትም ጥሎ ይሄዳል። ከንግግር ሥር የሄደውን፣ የልብ ምት የሚመስለውን ዝቅተኛ ድምፅ ማን ያነሳዋል? አንድ ጊዜ ደግሞ ሁላችንም የወደድነው ሙዚቃ ነበር። አንዷ ዳኛ ስልኳን አውጥታ ሙዚቃ በሚለየው መተግበሪያ በሻዛም ስትፈትሸው የአንድ ታዋቂ የውጭ አቀናባሪ ሆኖ አገኘችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሥራው ከውድድሩ ወጣ፤ ነገር ግን ባትፈትሽ ኖሮ እንሸልመው ነበር፤ አብረውት የተወዳደሩ የራሳቸውን ሥራ ይዘው የመጡ ልጆችም ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛ የሚያስፈልገው ጥሩ ጆሮ ብቻ እንዳልሆነ አምኛለሁ። ፊቱ ላይ የሙዚቃው ዝርዝር ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ምን ይመስላል?

ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚያስወጣው ገንዘብም የለም። አንድ ሰንጠረዥ ነው። ሙዚቃው በፊልሙ ስንተኛ ደቂቃ ላይ ይገባል፣ ስንት ሰከንድ ይቆያል፣ ማን ደረሰው፣ ማን አቀናበረው፣ ማን ተጫወተው፣ ከየት መጣ። "ከየት መጣ" ለሚለው አራት መልስ ይበቃል፤ ለፊልሙ አዲስ የተደረሰ፣ ከሕዝብ ዜማ የተወረሰ፣ በፈቃድ የተገዛ፣ ቀድሞ የተቀዳ። የአሞራ ገደሏ ትዕይንት በዚህ ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ብቻ ትይዛለች። በዚያች መስመር ላይ ግን የክራር ደርዳሪው ወጣትም፣ ሦስቴ ለዋውጠው አወጣጡን ያበጁት አባትም፣ የሲዳማ ሕዝብ ዜማም ቦታ ያገኛሉ። በሌላው ዓለም ይህ ሰንጠረዥ ለሽልማት ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ለሙዚቃው ባለቤት የሚከፈለው የሮያሊቲ ገንዘብ የሚሰላው በእሱ ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት ሰጥቶታል። የኢኮኖሚ መብቱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ለሌላ ሲተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ስንቶቻችን ነን በቃል ተስማምተን፣ ቀብድ ተቀብለን፣ ሀርድ ዲስኩን አስረክበን የምንለያየው? መብቱ በአዋጅ ተሰጥቶን ሳለ ማስረጃውን እኛው አናዘጋጅም።

ሀዋሳ ይህን ለመጀመር ምቹ ከተማ ናት። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ጣቢያ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ለቀረጻ በየጊዜው የሚመጣላት ብዙ ነው፤ ሐይቁና ታቦር ተራራ የሌሉበት የሙዚቃ ቪዲዮ እንኳ ጥቂት ነው። በዙሪያዋ ያሉ ሕዝቦች ዜማ ደግሞ ገና በፊልም ያልተሰማ ሀብት ነው። ያ ሀብት ወደ ፊልም ሲገባ የዜማው ባለቤቶች ስም ሳይጻፍ ከገባ ነገ በሌላ ሰው ስም ይሸለማል፤ ኮርንጎልድን ያህል ሰው እንኳ ደርሶበታል።

ስለዚህ ለሦስት ወገን የምለው አለኝ። ወጣት አቀናባሪዎች፣ ሥራውን ስታስረክቡ ሰንጠረዡን አብራችሁ አስረክቡ፤ ቅጂውን በኢሜይል ላኩት፣ ቀኑ ይመዝገብላችሁ። ዳይሬክተሮችና ፕሮዲዩሰሮች፣ በመዝጊያው ላይ ዘፋኙንና የሙዚቃ ደራሲውን ለየብቻ ጻፉ፤ የተጫወቱትንም አትርሱ። የሽልማት አዘጋጆች ደግሞ የምዝገባ ቅጻችሁ ላይ ካለችው ከአንዲቷ መስመር ፈንታ ሰንጠረዡን አስገቡ፤ የሙዚቃ ዝርዝሩን ያላያያዘ ፊልም በስኮር ዘርፍ አይወዳደር። ይህ ደንብ አንድ ዓመት ብቻ ቢሠራበት በመላ አገሪቱ ለፊልም ሙዚቃ የሚደርሱት እነማን እንደሆኑ የሚያሳይ መዝገብ ይኖረናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ፖስታው ሲቀደድም የሚጠራው የሠራው ሰው ስም ይሆናል።